ከሐረር ቅጥር ወዲያ፤ ስለ ተማሪዎች የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ጉዞ ወደ ጅጅጋ

ተማሪ ቃል ፍለጋ አገር አቋርጦ መሄዱ በኢትዮጵያ የቈየ ልማድ ነው። ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት የወጣ ደቀ መዝሙር ቅኔ ሊቈጥር ባሰበ ጊዜ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከቀየው ይወጣ ነበር። ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ የሚሄደው ሕንፃ ለማየት አልነበረም፤ እነዚህ ስፍራዎች በቅኔ ቢታወቁም ለዓይን የሚያሳዩት የሣር ጎጆና የዛፍ ጥላ ነውና። ተማሪው የሚፈልገው መምህሩን ነው። ስለዚህ ከመነሣቱ አስቀድሞ ከዚያ የመጣ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል፤ መምህሩ ማን ናቸው? ጉባኤው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? አገሩ ዘንድሮ ጥጋብ ነው ወይስ ችጋር? የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር ይሞላል? ለመንገድስ ማን አብሮ ይሄዳል? ይህን ሳይጠይቅ የወጣ ተማሪ ወይ ከወንዝ ዳር ከርሞ ይመለሳል፥ ወይ መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ከሄዱ በኋላ ይደርሳል።

አለቃ ለማ ኃይሉ በእርጅናቸው የተረኩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ» ይህንን ከመምህር ወደ መምህር የመዞር ኑሮ ከምንም ይልቅ በሕያው ቃል ያሳያል። የቤተ ክህነቱን ተማሪ ቤት ለማያውቅ ወጣት ያ መጽሐፍ የጉዞ መምሪያ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

በዛሬ ዘመን የጉዞው አሳብ ተለውጧል። የሥነ ጽሑፍ ወይም የሥዕል ተማሪዎች ማኅበር ወደ ምሥራቅ ልሂድ ባለ ጊዜ አውቶቡስ ይከራያል፤ ሐረር ይደርሳል፤ ግንቡንና አምስቱን የጥንት በሮች ያያል፤ ሲመሽ የጅብ ቀለብ ይመለከታል፤ የፈረንሳዊውን የራምቦን ስም የያዘውን ቤት ጐብኝቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ምናልባትም ለለውዝ ገበያ እስከ ባቢሌ ይወርዳል። ከዚያም ይመለሳል። ከባቢሌ ወዲያ ያለው መንገድ የነጋዴና የወታደር መንገድ ተደርጎ ስለሚቈጠር የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዚያ ምን ያገኛል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ነገር ላይ የሚያስደንቅ ተቃራኒ አለ። አርተር ራምቦ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ ቅኔውን ትቶ ነበር። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ በሐረር ሲኖር የጻፈው ስለ ቡናና ስለ ቆዳ፥ ስለ ሸቀጥና ስለ ጠመንጃ ዋጋ ነው። ተማሪዎቹ እንግዲህ ገጣሚ ግጥም ያልጻፈበትን ቤት ለማየት ሁለት ቀን ተጕዘው፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ፈቅ ቢሉ የሚያገኙትን፥ ልጅ ሽማግሌው በግጥም የሚነጋገርበትን አገር ሳያዩ ይመለሳሉ ማለት ነው። በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሶማሌዎች ባለቅኔ የበዛባቸው ሕዝብ መሆናቸውን በመጽሐፉ ሳያደንቅ አላለፈም፤ ማንኛውም ገጣሚ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ደረጃ እንዳለው ጽፏል። እርሱም ያየው ሐረር ከመግባቱ በፊት፥ ተማሪዎቹ በማይሄዱበት መንገድ ነው።

ይህን ማለት ሐረርን መናቅ አይደለም። ሐረር ለጕዞው በር ናት። በጀጎል ውስጥ በዐረብ ፊደል የሐረሪን ቋንቋ የጻፉ የቈዩ መጻሕፍት አሉ፤ የብራናና የወረቀት ጠራዦች፥ በቆዳ ላይ ሐረግ የሚጥሉ ብልኆች የነበሩባት ከተማ ናት። የሐረሪ ሴቶች ስፌት በቤቱ ግድግዳ ላይ በሥርዓት ተደርድሮ ሲታይ ማንኛውም የሥዕል ተማሪ ስለ ቀለምና ስለ መስመር የሚማረው አለው። መንግሥቱ ለማም ልጅነቱን ያሳለፈው በዚሁ አገር ነው፤ የቅኔ መምህር ልጅ የኮሜዲ ደራሲ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሐረር ጥሩ ስፍራ ናት። አንድ ቀን ግን ይበቃታል። ሐረር ራሷም ብቻዋን የቆመች ከተማ አልነበረችም፤ ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የግመል ቅፍለት መጋቢዋ ነበረ፤ መጽሐፉም ወረቀቱም ሊቁም የሚመጣው በዚያው ነው። የዚያ መንገድ አንዱ ማረፊያ ጅጅጋ ነበር።

የጅጅጋ ስም በፈረንጆች ጽሑፍ የሚገኘው ከ1834 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ነው፤ ባርከር የተባለው እንግሊዛዊ በዘይላና በሐረር መካከል ካሉት የቅፍለት ማደሪያዎች አንዷ አድርጎ ይጠቅሳታል። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የራስ መኰንን ጦር እስከ ሜዳው ወረደ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ስዌን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን በዚያ ሲያልፍ ያገኘው በውኃ ጕድጓዶች አጠገብ የታጠረ ምሽግና ሃያ አምስት ያህል ጠባቂዎችን ብቻ ነው። ከተማ የሚባል አልነበረም፤ ውኃ፥ እሾኽ አጥርና ሜዳ ነበረ።

ወደዚህ የእሾኽ አጥር ሁለት የቃል ሰዎች በተለያየ ጊዜ፥ በተለያየም አሳብ መጡበት። የጅጅጋ ጉዞ ትርጕም ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ተማሪዎቹም ከመነሣታቸው በፊት ሊያጠኑት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው።

ፊተኛው ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ናቸው። ሰይድ መሐመድ የሃይማኖት መምህርና የጦር መሪ ሆነው፥ ደራዊሽ የተባሉትን ተከታዮቻቸውን ይዘው፥ ሃያ ዓመት ያህል ከእንግሊዝና ከኢጣልያ ጋራ፥ ከኢትዮጵያም ጦር ጋራ የተዋጉ ሰው ናቸው። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ተከታዮቻቸው የተዘረፈብንን ከብት እንመልሳለን ብለው በጅጅጋ ምሽግ ላይ ወደቁ፤ በዚያም ከሁለቱም ወገን፥ ይልቁንም ከደራዊሾች፥ ብዙ ሰው አለቀ። ለጦር ታሪክ ይህ አንድ ምዕራፍ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ነገሩ ከዚህ ይሰፋል፤ የደራዊሾቹ አለቃ በሶማሌ ቋንቋ ከታላላቆቹ ገጣሚዎች አንዱ መሆናቸውን ወዳጅም ጠላትም አልካደምና። ግጥማቸው እንደ ጦር የሚወረወር ነበር። በነሐሴ 1905 ዓ.ም. ኮርፊልድ የተባለው የእንግሊዝ ሹም በዱል ማዶባ ጦርነት በሞተ ጊዜ ሰይድ ለሬሳው የተናገሩት ግጥም እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል። ስለሚወዱት ፈረሳቸው ስለ ሒን ፊኒንም የገጠሙት ይነገራል፤ በዚህኛው ውስጥ ያ ቍጡ የጦር አለቃ እንደ ማንኛውም አፍቃሪ ሲለሰልስ ይሰማል።

በግጥሞቻቸው ውስጥ የኢትዮጵያን ሰው የሚሰድብ ቃልም አለ። ከመሀል አገር የሚሄድ ተማሪ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል፤ ድንገት ሲሰማ እንዳይከፋ፥ አስተርጓሚውም አፍሮ እንዳይዘለው። የጠላትን ቅኔ በሙሉ መስማት የማይችል ሰው የወዳጁንም ቅኔ ውበት በትክክል አይመዝንም። በጎጃምና በጎንደር የቅኔ ጉባኤ ላይም ባላጋራን በሰም አመስግኖ በወርቅ መውጋት እንደ ሙያ ሲቈጠር የኖረ ነው።

ሁለተኛው ሰው ፊታውራሪ፥ ኋላም በጅሮንድ፥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ቤት ሐረር ኖሩ፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በለጋነታቸው ወደ መስኮብ አገር ተወስደው፥ በዚያ በቤተ ሰብ መካከል አድገው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ቀጥሎም በምዕራብ አውሮፓ የእርሻ ትምህርት ቀሰሙ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት በ1909 ዓ.ም. ግድም የጅጅጋ ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ያደረጉት ነገር ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ ገመድ አስዘርግተው ከተማውን በሜዳው ላይ ነደፉት። የጥንት ከተሞቻችን እንደ ገደሉና እንደ ደብሩ አቀማመጥ፥ እንደ መኳንንቱም ግቢ አሰፋፈር እየተጠማዘዙ ያደጉ ናቸው። ጅጅጋ ግን መንገዷ ቀጥ ብሎ በሌላ ቀጥ ያለ መንገድ የሚቋረጥ፥ አስቀድሞ በወረቀት ታስቦ ኋላ በመሬት የተጻፈ ከተማ ሆነች። የእሾኽ አጥሩ ወደ ገበያ፥ ማደሪያው ወደ ነዋሪ ቤት ተለወጠ።

እኒህ ከተማ ነዳፊ ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቴአትር ደራሲ ናቸው። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ድርሰታቸው ላ ፎንቴን የተባለው ፈረንሳዊ ከጻፋቸው የእንስሳት ተረቶች የተቀዳ ነው። እንስሳቱ የሚናገሩት ግን ስለ አገር አስተዳደር፥ ስለ ጉቦና ስለ ስንፍና ነበር። የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ድርሰት በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት የታየበትን ጊዜ በ1913 ዓ.ም. ይመድቡታል። ወርቁ ቶሎ ተገለጠ፤ ሰሙ አልሸፈነውም። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ተከለከለ፤ ቴአትር የሚባልም ነገር በዋና ከተማው ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አልተነሣም። ደራሲው በኋላ የሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በ1928 ዓ.ም.ም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተመው «አርአያ» የተባለው ልብ ወለድም ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ ስለሚመለስ ወጣት ነው፤ የአባት ሕይወት በልጅ ድርሰት ውስጥ ድምፁ ይሰማል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለቱን ሰዎች ያገናኘ አንድ ዓመት አለ። ሰይድ መሐመድ በ1912 ዓ.ም. የጣሌሕ ምሽጋቸው በእንግሊዝ አይሮፕላን ከተደበደበ በኋላ ወደ ኦጋዴን ሸሽተው፥ በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ባለችው በኢሚ ዐረፉ። አንዱ የቃል ጌታ በኢሚ ዝም ባሉበት በዚያው ዓመት፥ የሌላው ቃል በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ወጥቶ ወዲያው ዝም ተባለ። የአንደኛው ሰዎች የወጉትን ምሽግ ሌላው ከተማ አድርጎ ነድፎታል። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው ባይነጋገሩም በጅጅጋ ሜዳ ላይ ጎረቤት ሆነው ይነበባሉ። ለሰይድ መሐመድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በጅጅጋ በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጡ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ሐውልት መንገዶቹ ናቸው። «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለው፥ ካረፉ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው መጽሐፋቸው ስለ ጅጅጋ ሹመታቸው የሚናገረው ክፍል በዚያው በከተማው መንገድ ላይ ቆሞ ቢነበብ፥ በክፍል ውስጥ ከመነበቡ የበለጠ ይገባል።

አሁን ወደ ግጥሙ አሠራር መግባት ያስፈልጋል፤ ስሙን እንጂ ብልሃቱን ሳያውቅ የሚሄድ ተማሪ ውበቱ በጆሮው አልፎ ይሄዳልና። የሶማሌ ታላቁ የግጥም ዓይነት ገበይ ይባላል። በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። በገበይ ግን ቤቱ የሚመታው በቃሉ መነሻ ነው፤ ስንኙ ሁለት እኩሌታ አለው፤ በእያንዳንዱም እኩሌታ ቢያንስ አንድ ቃል ገጣሚው በመረጠው ፊደል መጀመር አለበት። ያም ፊደል ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። መቶ ስንኝ የገጠመ ሰው እንግዲህ ሁለት መቶ ጊዜ በዚያው ፊደል የሚነሣ ቃል፥ አሳቡን ሳያጣምም፥ ከትዝታው መዝገብ ማውጣት አለበት። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ፥ በመወድስ ስምንት ስንኝ ሲጨነቅ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ አይስተውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አጠባበቁ ነው። ቅኔ በጉባኤ አንድ ጊዜ ይባላል፤ የተባለው ቅኔ በሌላ ቀን እንደ አዲስ አይደገምም፤ ባለቅኔው በየበዓሉ አዲስ መዝረፍ አለበት። ገበይ ግን በተቃራኒው ነው፤ አንድ ጊዜ የተገጠመው በቃል አጥኚዎች አፍ ከሰፈር ወደ ሰፈር፥ ከውኃ ጕድጓድ ወደ ውኃ ጕድጓድ ይሄዳል። ያጠናው ሰው ቃሉን መለወጥ የለበትም፤ ከማለቱም በፊት የገጣሚውን ስም የመናገር ግዴታ አለበት። ይህንን ሥርዓት በፖላንድ የተወለደው ሊቅ አንጄየቭስኪ ከሉዊስ ጋራ በ1956 ዓ.ም. ስለ ሶማሌ ግጥም ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ገልጠውታል። እንግዲህ ባልተጻፈ ሕግ የደራሲ መብት ተጠብቆ ኖሯል ማለት ነው፤ መጽሐፍ አሳታሚዎች ባሉበት ከተማ የማይገኝ ጥንቃቄ ነው።

ግጥም ለግጥም መመላለስም በዚያ አገር ትልቅ ስፍራ አለው። ከ1914 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ጉባ በተባለው የግጥም ሰንሰለት ዐሊ ዱሕ፥ ቀማን ቡልሐን፥ ሰላን ዐረቤይና ሌሎችም እየተሰዳደቡና እየተመላለሱ ብዙ ዓመት ገጥመዋል፤ የሚከራከሩበትም ነገር የግጦሽ መሬትና የውኃ፥ የድልና የመፈናቀል ነገር ስለ ሆነ ቃሉ ሰው ያስቈጣ፥ ሰውም ያስታርቅ ነበር። ለሴቶች ደግሞ ቡራንቡር የሚባል የራሳቸው ግጥም አላቸው፤ በሠርግና በሐዘን፥ በልጅ መወለድም የሚባል ነው።

አንባቢ ይህ ሁሉ በቃል ነው፤ ፊደሉስ? ሊል ይችላል። በዚህ ረገድ የሰሜኑ ከተሞች ታሪክ ከሐረርና ከዘይላ ጋራ የተያያዘ ነው። ሸኽ ዩሱፍ አል ከውነይን፥ ወይም ሶማሌዎች እንደሚሏቸው አው በርኸድሌ፥ የዐረብ ፊደልን አነባነብ ለሶማሌ ሕፃናት በሶማሌኛ ስም ሰጥተው፥ በዜማ እንዲቈጥሩት ያደረጉ መምህር ናቸው ተብሎ ይነገራል፤ ሕፃኑ በሰሌዳው ላይ የሚለው ዜማ ከእርሳቸው የመጣ ነው። የአገሩ የቍርኣን ተማሪ ሔር ይባላል። ከመምህሩ ጋራ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዞራል፤ ሰፈሩ ይመግበዋል፤ የእንጨት ሰሌዳው በትከሻው ነው። የጎጃሙ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከደጅ ቆሞ እንደሚለምን ይህም በወተትና በእህል ያድራል። ሃይማኖቱና ቋንቋው የተለያየ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ኑሮ እንዲህ መመሳሰሉን ከተማሪዎቹ አንዱ እንኳ አስተውሎ ቢጽፍበት ጉዞው በከንቱ አልሆነም።

በኦጋዴን በቁሉንቁል ከእነዚህ የትምህርት መንደሮች አንዱ ነበረ፤ ሸኽ ዐብዱረሕማን አዝ ዘይለዒ በ1874 ዓ.ም. ግድም እስኪያርፉ ድረስ በዚያ አስተምረው፥ በዐረብኛ ሰዋስውና የምስጋና ግጥም ጽፈዋል። ከጅጅጋ በስተ ሰሜን በአውበሬ፥ በሌላ ስሟ በተፈሪ በር፥ የከተማዋ ስም የተጠራባቸው የሸኹ የአው በሬ መቃብር አለ፤ የአካባቢው ሰው ለዝየራ ይሄድበታል። በዚያው በኩል፥ ድንበሩን ተሻግሮ በቦረማ፥ ሸኽ ዐብዱረሕማን ሸኽ ኑር በ1925 ዓ.ም. ግድም ለሶማሌኛ ራሱን የቻለ አዲስ ፊደል ፈጥረው ለጥቂት ጊዜ ተጻፈበት። ከአርባ ዓመት በኋላ በ1965 ዓ.ም. የሶማልያ መንግሥት የላቲንን ፊደል መረጠ። በኢትዮጵያ በኩል በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሶማሌኛ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ላቲን ተዛወረ። አንድ ቋንቋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አራት ዓይነት ልብስ ለበሰ። ከእነዚህ ልብሶች ማንኛቸውም የቃል አጥኚውን አልተኩትም።

የእጅ ጥበቡም ነገር እንዲሁ ነው። ዘላን ሕዝብ ግመል የማይጭነውን ጥበብ አይሠራም። አቃል የሚባለው የሶማሌ ቤት ከጐበጠ እንጨትና ከተሰፋ ሰሌን የሚሠራ ነው፤ የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው፤ ሰፈር ሲነሣ ቤቱ ታጥፎ በግመል ይጫናል። የሰሌኑ ጥልፍ፥ ከሥር ክር ተጠልፎ ውኃ እንዳያፈስ የሚጠብቀው የወተት ዕቃ፥ ከእንጨት የተፈለፈለው የግመል ቃጭል የዚያ ሕዝብ የሥዕል ቤት ናቸው። የወተት ዕቃው እንደ ደጋው ቅል በጢስ ይታጠናል፤ የደጋ ተማሪ ያን ሽታ ሲሸት ቤቱን ያስታውሳል። ሴቶቹ ሰሌን ሲሠሩ፥ ወንዶቹም ከጕድጓድ ውኃ ሲቀዱ የሚሉት የሥራ ዘፈን ከሥራው ተለይቶ በመድረክ ላይ ቢሰማ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ጥበቡን በሳጥን መስተዋት ውስጥ ለማየት ከመሄድ በሚሠራበት ሰዓት መድረስ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የጉዞውን ሥርዓት ይወስነዋል። አስቀድሞ የሚመረጠው አውቶቡስ ሳይሆን ወራቱ ነው። ከመጋቢት ማለቂያ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘንበው፥ ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዝናም ከብቱን ወተት ሲያሰጠው፥ ሰፈሩ ሲጠግብና ሲሰበሰብ ሠርግም ግጥምም ይበዛል። ደረቁ ወራት ጅላል ሲሆን ሰው ሁሉ ውኃ ፍለጋ ተበትኖ ነውና የሚገጥም ቢኖር የሚያዳምጥ አይገኝም። የተማሪ ቤቶች የፈተና ጊዜ ከዚህ ጋራ የሚጋጭ ስለ ሆነ፥ አስተዳዳሪዎች ከትንሣኤ በኋላ ያለውን አንድ ሳምንት ቢሰጡ ደግ ነው።

ሁለተኛው የሰው ቍጥር ነው። ስድሳ ተማሪ ይዞ አንድ ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ገበያ እንጂ ጉባኤ አይሆንም። ሃያ ቢሆኑ፥ ያውም በሦስት በአራት ተከፍለው ቢቀመጡ መልካም ነው። ከሃያው እኩሌታዎቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የቡራንቡሩ ጉባኤ የሴቶች ነውና ወንዶቹ ከውጭ ሆነው የሚሰሙትን ሴቶቹ ከውስጥ ገብተው ይሰሙታል። አስተርጓሚ ለዕለቱ ከመንገድ የሚገኝ ወጣት አይሁን። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ስላለ፥ ሶማሌኛን አጥብቀው የሚያውቁ መምህራንና ተማሪዎች በደብዳቤ አስቀድመው ቢጠየቁ፥ እንግዳና ባለቤት ሁለቱም ተማሪ ይሆናሉ። የክልሉም የባህል መሥሪያ ቤት ከመነሣት በፊት ይታወቀው፤ የጸጥታውን ነገርና የድንበሩን መንገድ ሁኔታ የሚያውቀው በስፍራው ያለ ነው። የቅኔ ተማሪ ስለ ወንዝ መሙላት ይጠይቅ እንደ ነበረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስንቅ ነው፤ ስንቅ ሲባልም የቃል ስንቅ ነው። ባዶ እጁን ግጥም ሊሰበስብ የሄደ ሰው ቀራጭ ይመስላል። እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ አገር አንድ ቅኔ ወይም አንድ የአማርኛ ግጥም ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያጠናውን በቃሉ ይያዝ፤ ሰሙንና ወርቁንም በአጭር ቃል ማስረዳት ይቻለው። ሽማግሌው ከሰጡ በኋላ ተማሪው ይስጥ። እንዲህ ሲሆን ጉብኝቱ ወደ መመላለስ ይለወጣል፤ ገበይም ዱሮ የኖረው በመመላለስ ነው።

መንገዱ ራሱ ቀላል ነው። ከሐረር በጧት ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ሲወርዱ፥ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ የሚመስሉት የደከታ ሸለቆ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ የሥዕል ተማሪዎች በዚያ ሁለት ሰዓት ይሰጣቸው፥ ከዚያ የበለጠ ግን አይሁን፤ ፀሐዩ ይበረታልና። ከዚያም የካራማራ ተራራ ነው። በ1970 ዓ.ም. የሁለት አገር ልጆች የወደቁበት ስፍራ ስለ ሆነ ሳይነገር አይታለፍም፤ ነገር ግን ንግግሩ አጭር ይሁን። ከተራራው ማዶ ሜዳው ሲዘረጋ ጅጅጋ ከሩቅ ትታያለች። በከተማው ሁለት ሌሊት ይታደር፤ አንዱ ቀን ለከተማው፥ ለፋቡላና ለሕይወቴ ታሪክ፥ ሁለተኛው ለግጥም አዋቂዎች። ሦስተኛው ቀን ወደ አውበሬ ነው። ጊዜ ከተረፈ ወደ ቀብሪ በያህ መሄድ ይቻላል፤ ካልተረፈ ግን አንዱን በደንብ መስማት ሁለቱን በመስኮት ከማየት ይሻላል።

የድምፅ መቅጃ ዛሬ በየተማሪው ኪስ ስላለ አንድ ደንብ ያስፈልገዋል። ከመቅዳት በፊት ይጠየቅ፤ የተናጋሪው ስም ብቻ ሳይሆን የገጣሚው ስም አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ግጥሙ የተገጠመበት ምክንያትም ይጠየቅ፤ ምክንያቱ የጠፋ ገበይ ወርቁ እንደ ጠፋ ቅኔ ነውና። በየማታው ተማሪዎቹ እንደ ቅኔ ቤት ቅጸላ በአንድነት ተቀምጠው ቀን የሰሙትን አንዱ ለሌላው በቃል ይድገም፤ ማሽኑን የሚከፍቱት ቃል የዘነጉ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሲመለሱም የሰሙትን ከአስተርጓሚዎቹ ጋራ ሆነው በሶማሌኛና በአማርኛ አስተካክለው ይጻፉት። ግልባጩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለተማሪ ቤታቸው መጻሕፍት ቤት፥ ሁለተኛው፥ የገጣሚው ስም ከራስጌው ተጽፎ፥ ቃሉን ለሰጡት ሽማግሌ ቤት ከክረምት በፊት ይላክ።